ከወንጀሉ ተካፋይ ስለሚሰማ ምስክርነት

የሶስናን ታሪክ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ሰው የለም። በሕዝቡ ላይ ለፍርድ የተሾሙ ሁለት ሽማግሎች አንዲት ንጽሕት ሴት ለክፉ ፈቃዳቸው አልታዘዝ ባለቻቸው ጊዜ በዝሙት ከሰሷት፤ በከሳሽነታቸውም ላይ ምስክርነትን ደርበው ቆሙ። ጉባኤው ሽምግልናቸውንና ሹመታቸውን ተመልክቶ ቃላቸውን ተቀበለ፤ ሞትም ፈረደባት። ወደ መገደያዋ ስትወሰድ ገና ብላቴና የነበረው ዳንኤል ተነሥቶ ነገሩ እንደ ገና እንዲመረመር ጠየቀ። ያደረገውም ነገር እጅግ ቀላል ነበር። ሁለቱን ሽማግሎች ለያይቶ አቆማቸውና እያንዳንዱን ለብቻው፥ ሴቲቱን ያየሃት በየትኛው ዛፍ ሥር ነው ብሎ ጠየቀው። አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ጠራ። በዚህች በአንዲት ጥያቄ ሐሰታቸው ተገለጠ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው እግዚአብሔር ንጹሓንን እንዴት እንደሚጠብቅ ለማስረዳት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን በፍርድ ወንበር ለሚቀመጥና ስለ መንግሥት ሆኖ ለሚከስ ሰው ሌላም ነገር አለበት። ዳንኤል ከመነሣቱ በፊት፥ ከውጭ ለሚመለከተው፥ ሕጉ ተፈጽሞ ነበር። ኦሪት ነገር ሁሉ ከአንድ በበለጠ ምስክር እንዲጸና ታዛለች፤ ምስክሮቹም ሁለት ነበሩ። ኤልዛቤል በናቡቴ ላይ ያስነሣቻቸው ምስክሮችም ሁለት ነበሩ፤ ናቡቴ በእነርሱ ቃል ተወግሮ ሞተ፥ የወይኑም ቦታ ለአክዓብ ሆነ። እንግዲህ የምስክር ቁጥር ስለ ሞላ ብቻ ፍርድ እውነተኛ አይሆንም። ሁለቱ ምስክሮች በአንድ ፍላጎት የተሳሰሩ፥ ወይም ከአንድ እጅ ዋጋ የሚጠብቁ ከሆኑ፥ በቁጥር ሁለት ቢባሉም በምስክርነት አንድ እንኳ አይሞሉም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው፥ ከምስክሮች ሁሉ ይልቅ ለመመዘን አስቸጋሪ ስለ ሆነው ምስክር ነው። ይኸውም በወንጀሉ ውስጥ ራሱ ተካፋይ ሆኖ ሳለ፥ ከተያዘ በኋላ፥ ምሕረት ወይም የቅጣት ማቅለያ ተስፋ ተሰጥቶት በግብረ አበሮቹ ላይ የሚመሰክረው ሰው ነው። መንግሥት ይህን ሰው የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። በገበያ መካከል የተደረገን ድብደባ ገበያተኛው ሁሉ ያያል፤ በስውር የተሰጠን ጉቦ፥ በዝግ ቤት የተመከረን አድማ፥ በሌሊት ድንበር ያለፈን ኮንትሮባንድ ግን ከሠሪዎቹ በቀር ያየው የለም። ከሠሪዎቹ አንዱ ካልተናገረ ትልቁ ወንጀለኛ ሁልጊዜ ከቤቱ ተቀምጦ ይቀራል፤ የሚያዘውም ተላላኪው ብቻ ይሆናል። ይህን የማይገነዘብ ሰው የመርማሪን ሥራ አያውቅም።

ዳሩ ግን ይህ ምስክር ከሌላው ምስክር የሚለይበት ነገር አለ። መንገድ ሲያልፍ ያየውን የሚመሰክር ሰው ተከሳሹ ቢፈረድበትም ቢለቀቅም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግብረ አበሩ ግን በአንደበቱ ነጻነቱን ይገዛል። የሚያስከስሰው ሰው በታወቀና በከበረ መጠን የቃሉ ዋጋ ከፍ ይላል፤ የሚነግረው ነገር ባለቀበት ቀን ተፈላጊነቱ ያበቃል። ስለዚህ እውነቱ ቢያልቅበት እንኳ እንዲጨምር የሚገፋው ነገር አለ። ደግሞም ወንጀሉን በእርግጥ ያውቀዋልና፥ ቀኑን፥ ቦታውንና የገንዘቡን ልክ ሳይሳሳት ይናገራል። የሚሳሳተው፥ ወይም ሆን ብሎ የሚለውጠው፥ የሰውን ስም ነው። በእውነተኛ ታሪክ ውስጥ አንድ የሐሰት ስም ማስገባት፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተፈጠረን ውሸት ከመናገር እጅግ ይቀላል፤ ለመመርመርም እጅግ ያስቸግራል።

እንግሊዞች ይህን በብዙ ጉዳት ተምረውታል። በ17ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በወጣ ሕግ፥ መንገደኛ የሚቀማውን ሽፍታ ይዞ ላስፈረደ ሰው 40 ፓውንድ ሽልማት ይሰጥ ነበር። ዮናታን ዋይልድ የተባለው ሰው፥ በአንድ እጁ የሌቦች አለቃ፥ በሌላው እጁ የሌቦች አዳኝ ሆኖ ከኖረ በኋላ በ1725 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር የሚነገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከእርሱም በኋላ፥ በ1750ዎቹ ውስጥ፥ ራሳቸው ዝርፊያውን አዘጋጅተው፥ ወጣቶችን አታለው አስገብተው፥ ስለ ሽልማቱ በእነዚያው ወጣቶች ላይ የሚመሰክሩ ሰዎች ሎንዶን ውስጥ ተገኙ። ከዚህ የተነሣ የእንግሊዝ ዳኞች፥ የግብረ አበር ቃል በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ በእርሱ ብቻ መፍረድ አደገኛ መሆኑን ለፍርድ ተቀማጮቹ ማስጠንቀቅ ልማድ አደረጉ።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው ግን በኢጣልያ አገር በኤንዞ ቶርቶራ ላይ የደረሰው ነው።

ሲኞር ቶርቶራ በቴሌቪዥን የታወቁ ሰው ነበሩ። ፖርቶቤሎ የተባለው፥ ተራ ሰዎች የሚሸጡትን ዕቃ፥ የፈጠሩትን መሣሪያ ወይም የጠፋባቸውን ዘመድ የሚያስታውቁበት ዝግጅታቸው በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ነበረው። ጁን 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 10 ቀን 1975 ዓ.ም. ማለት ነው፥ ሊነጋጋ ሲል ሮማ ከሚገኝ ሆቴል ተያዙ። ከዚያም እጃቸው በሰንሰለት ታስሮ በጋዜጠኞችና በፎቶግራፍ አንሺዎች ፊት እንዲያልፉ ተደረገ። በዚያው ዘመቻ፥ የናፖሊ ካሞራ ማኅበር አባላት ናቸው ተብለው፥ ከ800 በላይ ሰዎች እንዲያዙ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ሲኞር ቶርቶራም የዚህ ማኅበር አባልና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ናቸው ተብለው ተከሰሱ።

የከሰሷቸው እነማን ነበሩ? የመጀመሪያዎቹ ጆቫኒ ፓንዲኮና ፓስኳሌ ባራ ነበሩ። ፓንዲኮ በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው ነው፤ ባራ ደግሞ በወህኒ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው የገደለ ነው። ሁለቱም ከማኅበሩ ወጥተው ለመንግሥት መናገር ጀምረው ነበር። ፓንዲኮ በሲኞር ቶርቶራ ላይ ቂም ነበረው፤ ምክንያቱም ለአንድ ዳኛ ሊገመት የሚያስቸግር ነው። ከእርሱ ጋር የታሰረ አንድ እስረኛ በእጁ የሠራውን የጠረጴዛ ጥልፍ እንዲሸጥለት ወደ ፖርቶቤሎ ልኮ ነበር፤ ጥልፉም በቴሌቪዥኑ መሥሪያ ቤት ጠፋ። ፓንዲኮ ስለዚህ ነገር ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየጻፈ ሲከራከርና ሲያስፈራራ ቆየ። መሥሪያ ቤቱ ለጠፋው ዕቃ ካሣ ከፈለ፤ ቂሙ ግን በካሣው አልጠፋም። ያ የጥልፍ ነገር በኋላ በክሱ ውስጥ፥ ስለ አደንዛዥ ዕፅ በስውር የተደረገ ንግግር ነው ተብሎ ተተረጐመ።

በማስረጃነት ከቀረቡት አንዱ የአንድ ካሞራ አባል የስልክ ማስታወሻ ደብተር ነበር። በደብተሩ የተጻፈው ስም ቶርቶራ ይነበባል ተባለ። ጽሕፈቱ በጥንቃቄ ሲታይ ግን ቶርቶና የሚል ሆነ፤ የስልኩም ቁጥር የሌላ ሰው ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማወቅ ጥበብ አያስፈልግም ነበር። ስልክ አንሥቶ ቁጥሩን መጠየቅ ብቻ በበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ከታሰረ፥ ስሙም በአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ቆይቶ የተደረሰበት ነገር ሆነ።

ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው የምስክሮቹ መብዛት ነው። የሁለቱ ቃል ከተሰማ በኋላ ሌሎች እስረኞች ተከታትለው ተነሡ፤ ጃኒ ሜሉዞ የተባለው፥ አደንዛዥ ዕፁን በእጄ አስረክቤያቸዋለሁ እስከ ማለት ደረሰ። ከሳሾቹ ከአሥር በለጡ። ዐቃቤ ሕጉም፥ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ሊዋሽ እንዴት ይችላል አለ። ነገር ግን ለመንግሥት የሚናገሩት እስረኞች ከሌሎቹ ተለይተው በአንድ ሰፈር የሚጠበቁ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም መገናኘት ይችሉ ነበር፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ከጋዜጣ ያነበው ነበር። ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሎች ለያይቶ ጠየቀ፤ በናፖሊ ግን አንድ ላይ አስቀምጠው ጠየቁ፤ ቃላቸውም አንድ ሆኖ ሲገኝ እንደ እውነት ምልክት ቆጠሩት።

ሲኞር ቶርቶራ ሰባት ወር በወህኒ ከቆዩ በኋላ በቤታቸው እንዲጠበቁ ተደረገ። በ1984 ዓ.ም. በአውሮፓ ሸንጎ አባልነት ተመረጡ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1985 ዓ.ም. የናፖሊ ፍርድ ቤት 10 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። እርሳቸው ግን የሸንጎ አባል ለሆነ ሰው በሚሰጠው ጥበቃ መሸሸግን ጠልተው፥ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር አባልነታቸውን ትተው እጃቸውን ሰጡ። የይግባኙ ዳኞች ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። የእያንዳንዱን ከሳሽ ቃል ከቀድሞ ቃሉ ጋር፥ ከሌሎቹም ቃል ጋር እያስተያዩ፥ የተነገረው ነገር በቀንና በቦታ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ ጠየቁ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1986 ዓ.ም. ሲኞር ቶርቶራ ፍጹም ነጻ መሆናቸው ተፈረደ፤ አብረዋቸው ከተፈረደባቸውም ከመቶ በላይ የሆኑት ነጻ ወጡ። በሚከተለው ዓመት የሰበር ፍርድ ቤት ይህን አጸና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ ያለውን ሌሊት የሚያድረው ማን እንደ ሆነ ማሰብም ይገባል። ሲኞር ቶርቶራ በፌብሩዋሪ 1987 ዓ.ም. ወደ ቴሌቪዥን ተመልሰው፥ ለተመልካቹ፥ ያቋረጥነው ከምን ላይ ነበር በሚል ቃል ዝግጅታቸውን ጀመሩ። በሜይ 18 ቀን 1988 ዓ.ም. በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ከተያዙበት ቀን አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

በዚህ ስፍራ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ብንናገር አንባቢ ይቅር ይለናል። ኢጣልያኖች እንደነዚህ ያሉትን ምስክሮች ፔንቲቲ ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም ንስሐ የገቡ ማለት ነው። የንስሐን ነገር የሚያውቁ ካህናት ይህን ስያሜ ሲሰሙ ሊደነቁ ይገባቸዋል። ዘኬዎስ በተጸጸተ ጊዜ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ንስሐው ገንዘብ አስወጣው እንጂ አላስገባለትም። ንስሐ የሚገባ ሰው የራሱን ኃጢአት ይናገራል፤ እነዚህ ግን የሌላውን ኃጢአት በመናገር የራሳቸውን ዕዳ ያቃልላሉ። ይህ በሕግ የተፈቀደ ውል ሊሆን ይችላል፤ ለመንግሥትም ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን ውል ነው፤ ውልም እንደ ውል መመርመር አለበት እንጂ ንስሐ ስለ ተባለ ብቻ የተናጋሪው ሕሊና እንደ ነጻ ሊቆጠር አይገባም።

አንዳንድ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሹማምንት ይህን ሲያነቡ፥ እንዲህ ያለ ምርመራ ከተጠየቀ ትልቁ ወንጀለኛ አይያዝም ይሉ ይሆናል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ በዚያው በኢጣልያ፥ በዚያው ዘመን ይገኛል። ቶማሶ ቡሼታ የተባለው የሲሲሊያ ማፊያ ሰው ሁለት ልጆቹን በጠላቶቹ እጅ ካጣ በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም. ከብራዚል ወደ ኢጣልያ ተመልሶ ለዳኛው ለጆቫኒ ፋልኮኔ መናገር ጀመረ። ዳኛው ቃሉን በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ጽፈው ግን አላበቁም። በባንክ መዝገብ፥ በመንገደኛ ዝርዝር፥ በስልክና በቀደሙ የምርመራ መዛግብት እያመሳከሩ፥ ያልተደገፈውን ከተደገፈው ለዩ። በፌብሩዋሪ 1986 ዓ.ም. በፓሌርሞ በተከፈተው ትልቁ ችሎት 475 ያህል ሰዎች ተከሰሱ። በዲሴምበር 1987 ዓ.ም. ከሦስት መቶ በላይ የሆኑት ተፈረደባቸው፤ 19ኙም ዕድሜ ልክ እስራት ተቀበሉ። በጃንዋሪ 1992 ዓ.ም. የሰበር ፍርድ ቤት የፍርዱን ዋና ነገር አጸና።

እነዚሁ ዳኛ በ1989 ዓ.ም. ሌላ እስረኛ አንድ የታወቀ የፖለቲካ ሰው ግድያ አዝዟል ብሎ በነገራቸው ጊዜ፥ ነገሩ ለብዙ ሰው ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ፥ መርምረው ሐሰት መሆኑን ባወቁ ጊዜ ተናጋሪውን ራሱን በሐሰት ውንጀላ ከሰሱት። በዚህም ምክንያት ከወዳጆቻቸው ሳይቀር ብዙ ነቀፋ ደረሰባቸው። ማፊያ ግን የሚፈራው እንዲህ ያለውን ዳኛ ነበርና፥ በሜይ 23 ቀን 1992 ዓ.ም. በመንገድ ላይ በተቀበረ ፈንጂ ከባለቤታቸውና ከሦስት ጠባቂዎቻቸው ጋር ገደላቸው። እንግዲህ ከግብረ አበር ቃል ወንጀለኛን መያዝ የተቻለው፥ ያ ቃል ከሁሉ አብልጦ በተጠረጠረበት ስፍራ ነው።

በሰሜን አየርላንድም እንዲሁ ሆኗል። በ1983 ዓ.ም. በአንድ የጦር ቡድን አባል ምስክርነት 35 ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የይግባኙ ፍርድ ቤት የ18ቱን ፍርድ ሻረ። ከዚያ በፊትም በ1984 ዓ.ም. የፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ ሎርድ ሎውሪ፥ በሌላ እንዲህ ባለ ምስክር ቃል የተከሰሱትን 35 ሰዎች፥ ምስክሩ ሊታመን የማይገባው ነው ብለው በነጻ ለቀዋቸው ነበር። እንዲህ ያለው የብዙ ሰው ክስ ከዚህ በኋላ በዚያ አገር ቀረ።

ኢጣልያኖች በ1988 ዓ.ም. ባወጡት፥ በሚቀጥለውም ዓመት በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጋቸው በ192ኛው አንቀጽ፥ የግብረ አበር ቃል እውነተኛነቱን ከሚያረጋግጡ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ሆኖ እንዲመዘን ደነገጉ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው፥ በተከሳሹ ወይም በጠበቃው ለመጠየቅ በገዛ ፈቃዱ ሁልጊዜ እምቢ ባለ ሰው ቃል የማንም ጥፋተኛነት እንዳይረጋገጥ አደረጉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ተከራካሪው ምስክሩን ፊት ለፊት እያየ፥ ጠቡንና ዝምድናውን እያነሣ ይከራከር ነበር፤ በላ ልበልሃ በሚባለውም ሙግት የጥያቄ ብልሃት ታላቅ ስፍራ ነበረው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እንዳልሆነ እንዲቆጠር፥ በራሱም ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ፥ የቀረበበትን ማስረጃ ሁሉ እንዲመለከትና የቀረቡበትን ምስክሮች እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። በሌላው ወገን፥ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ አዋጅ ቁጥር 434፥ በሙስና ተካፋይ ሆኖ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ጠቃሚ ማስረጃ የሰጠ ሰው ከመከሰስ ነጻ የሚሆንበትን መንገድ ከፈተ። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ይሰጥ ዘንድ ወጣ።

ሁለቱም አዋጆች መልካም ምክንያት አላቸው። ምስክር በመስከሩ የሚገደልበት አገር ፍርድ የለውም። ነገር ግን ለምስክሩ የሚደረገው ጥበቃ ተከሳሹ ከተሰጠው መብት ላይ ተቆርጦ የሚከፈል ሊሆን አይገባም። ተከሳሽ የመሰከረበትን ሰው ስም ካላወቀ፥ ይህ ሰው ስለ መሬት ድንበር የተጣላኝ ጎረቤቴ ነው፥ ወይም ከእኔ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ለሹመት የተወዳደረ ነው ሊል እንዴት ይችላል? ለምስክሩ ምን ተስፋ እንደ ተሰጠው ካልተነገረውስ በምን ይጠይቀዋል? ቂም በስም ይታወቃል፤ ዋጋም ካልተጻፈ አይመዘንም። የፓንዲኮ የጥልፍ ነገር የታወቀው ከሳሹ ማን እንደ ሆነ ስለ ታወቀ ነው።

ስለዚህ መርማሪው ለግብረ አበሩ የገባለት ቃል ሁሉ፥ ምሕረትም ቢሆን፥ የእስራት መቀነስም ቢሆን፥ ለቤተ ሰቡ የሚደረግ እርዳታም ቢሆን፥ ተጽፎ በመዝገቡ ውስጥ ይግባ፤ ግልባጩም ለተከሳሹ ጠበቃ ይድረስ እንላለን። በአፍ የተሰጠ ተስፋ ከተጻፈው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምስክሩ በችሎት ቆሞ ምንም ተስፋ አልተሰጠኝም ብሎ ሲምል ዐቃቤ ሕጉ ዝም ይላልና። ብዙ ግብረ አበሮች ሲኖሩ ተለያይተው ይቀመጡ፤ የመጀመሪያ ቃላቸውም፥ የተቀያየረውም ጭምር፥ ሳይታረምና ሳይስተካከል እንደ ተነገረ ይጠበቅ። መርማሪው ራሱ የሚያውቀውን ነገር በጥያቄው ውስጥ ለምስክሩ ከነገረው፥ የተመለሰለት ቃል የገደል ማሚቶ እንጂ ምስክርነት አይደለም። ዳኛውም በፍርዱ ላይ፥ ምስክሩን አምኜዋለሁ ብሎ ከማለፍ ይልቅ፥ ከምስክሩ አንደበት ያልወጣ ምን ማስረጃ ተከሳሹን ከወንጀሉ ጋር እንዳገናኘው ለይቶ ይጻፍ። ወንጀሉ መፈጸሙን የሚያስረዳ ማስረጃ ለዚህ አይበቃም፤ ግብረ አበሩ በወንጀሉ ውስጥ ነበረና ወንጀሉንማ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ሥራ እንደሚጨምር እናውቃለን። በአንድ ቀጠሮ ብዙ መዝገብ የሚጠብቀው ዳኛ፥ በወር ውስጥ ምርመራውን ጨርስ የሚባለው የፖሊስ ሹም ጊዜ እንደሚያጥራቸው አይሰወረንም። ነገር ግን የናፖሊ መርማሪዎች በአንዲት የስልክ ጥያቄ ሊያድኑት ይችሉ የነበረው ጊዜ፥ በኋላ የይግባኝና የሰበር ዳኞችን ዓመታት በላ።

ሜሉዞ በ2010 ዓ.ም. በአንድ የኢጣልያ መጽሔት ላይ፥ በሲኞር ቶርቶራ ላይ የተናገረው ሁሉ ሐሰት እንደ ነበረ ገልጦ፥ ሴቶች ልጆቻቸውን ይቅርታ ጠየቀ። አባታቸው ከሞቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።